ቅቤ የጠጣ ልጓም

ጸጥ ያለ የገጠር መንገድ መንፈስ ያሳርፋል ይባላል። አያሳርፍም። ይህን የሚሉ ሰዎች ወይ መንገዱን ያዩት ከደጃፋቸው ተቀምጠው ነው፣ ወይም በበቅሎ ሲሄዱ ፍርሃቱን ሁሉ ለበቅሎዋ ትተውላታል። የገበያ ሰው በሚጎርፍበት መንገድ ላይ የምትፈራው ነገር ከፊትህ ይታያል፤ የተጫነ አህያ፣ የሰከረ ወታደር፣ ገመዱን የበጠሰ ወይፈን። ሰው በሌለበት መንገድ ላይ ግን የምትፈራውን ራስህ ትሠራዋለህ፤ ስትሠራም አትሰስትም። እኔ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው ሜዳ ላይ፣ ከነፋሱና ከበጎቹ በቀር ምንም በማይሰማበት ሰዓት፣ በሁለት መንኰራኵር ላይ ተቀምጬ ብዙ ጊዜ ሄጃለሁ። አንድም ቀን ዐርፌ አልተመለስሁም።

መንኰራኵሩን ያመጣው አንድ ፈረንሳዊ ነው። ከባሕር ጠረፍ በግመል ተጭኖ አሊዩ አምባ ደረሰ፤ ከዚያ ተሸካሚዎች ዳገቱን እየረገሙ አንኮበር አወጡት። ሰውዬው ለንግድ የመጣ ነበር። እኔ የእርሱን ቋንቋ ጥቂት፣ እርሱም የእኛን ጥቂት ስለምናውቅ፣ ሁለቱን ጥቂቶች ደምሬ አስተርጓሚው ሆንሁ። ሥራ በፈታን ቁጥር ስለ አገሩ የገጠር መንገድ ያወራልኝ ነበር። በግራና በቀኝ ረጃጅም ዛፍ የተተከለበት፣ ጠጠሩ የተደለደለ፣ ከመንደር ወደ መንደር ሲሄዱ ከላም በቀር የሚያጋጥም የሌለበት መንገድ ነው አለኝ። እሑድ እሑድ ምንም ጉዳይ ሳይኖረው ጠዋት በመንኰራኵሩ ይወጣል፣ ሲመሽ ይመለሳል። ጉዳይ ከሌለህ ለምን ትወጣለህ ብዬ ብጠይቀው ለማረፍ ነው አለ። ለማረፍ ብሎ ቀኑን ሙሉ እግሩን የሚያሽከረክር ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም ነበር። በመጽሐፍም አላጋጠመኝም፤ እኔ ደግሞ ያገኘሁትን ሁሉ የማነብ ሰው ነኝ፤ የግዕዙን በትምህርት፣ የአረቡን በሰው አፍ፣ የፈረንጁን በግምት።

የቆላ ንዳድ ይዞት ወደ ጠረፍ ሲወርድ መንኰራኵሩን ለእኔ ተወልኝ። እርሱ ብስክሌት ይለው ነበር። የአገራችን ሰው መንኰራኵር አለው፤ ሚስቴ ደግሞ ያ ነገር ትለዋለች። ለማቆሚያ ከፊተኛው ጎማ በላይ ቆዳ የለበሰች ትንሽ ብረት አለችው፤ በእጅ ሲጨብጡ ወርዳ ጎማውን ታንቀዋለች። እኔ ልጓም አልኋት። አንኮበር ዳገትና ቁልቁለት እንጂ ደልዳላ ቦታ የለውም፤ ቤቴ ደብረ ብርሃን፣ ሜዳው አጠገብ መሆኑ ነው በሕይወት ያቆየኝ።

ብስክሌት ላይ መሄድ በጥቂት ቀን ይለመዳል። በሸዋ መንገድ ላይ አስቸጋሪው መውረድ ነው። በአገራችን በበቅሎ የሚሄድ ሰው ከእርሱ የሚበልጥ ሰው ሲያገኝ ይወርዳል፤ ይህን ሕፃን ያውቀዋል። ማን ከማን እንደሚበልጥ ግን ሊቅም አያውቀውም። ሁለት ሰዎች በሩቅ ሲተያዩ ማስላት ይጀምራሉ። ዕድሜ አለ፣ ሹመት አለ፣ የአባት ስም አለ፣ የአሽከር ብዛት አለ፣ የኮርቻው ጌጥ አለ። እኩል ነን ብለው ካሰቡ ሁለቱም አንድ ጊዜ ይወርዳሉ፤ አንዱ ቀድሞ እግሩን ከእርካቡ ካወጣ ሌላው ያንን ሲያወራ ይከርማል። ስለ በጎ ምግባር የጻፉ ሁሉ ይህን ልማድ ትሕትና ይሉታል። እኔ ሒሳብ ነው እላለሁ፤ ያውም ሲሳሳቱ የሚያስከስስ ሒሳብ።

በብስክሌት ላይ የተቀመጠ ሰው በዚህ ሒሳብ ውስጥ የት እንደሚገባ ማንም አልወሰነም ነበር። ስለዚህ ገና ሰው በሩቅ ሳይ እወርድና እየጎተትሁ አልፈው ነበር። ቤተ ክርስቲያን ፊትም እንደ ማንኛውም መንገደኛ ወርጄ እሳለማለሁ፤ በእኛ ሜዳ ላይ ደግሞ በየጉብታው ቤተ ክርስቲያን አለ። ወርዶ እንደገና ለመውጣት ከፍ ያለ ድንጋይ ያስፈልገኛል። ከደብረ ብርሃን እስከ ገደሉ አፋፍ ድረስ የትኛው ድንጋይ የት እንዳለ፣ የትኛው እንደሚወላገድ አውቃለሁ። የፈረንሳዊው መንገድ ዛፍ ነበረው፤ የእኔ ድንጋይ ነበረው። ከተቀመጥሁበት መንገድ የጎተትሁበት ሳይበልጥ አይቀርም።

ልጄ በዚህ ነገር አንድ ጊዜ ተጎድታለች። ከለሚ በኩል ሊያጯት የነበሩ ሰዎች፣ አባቷ ነፍስ በሌለው ነገር ላይ ተቀምጦ የሚሄድ ሰው ነው የሚል ወሬ ሰምተው፣ ሳይናደዱና ሳይሳደቡ ቀሩ። መሳደብ ይሻል ነበር። ልጄ ምንም አላለችኝም፤ እናቷ ግን የሁለቱንም ድርሻ ተናገረች።

ከዚያ በኋላ ከአንኮበር የጋብቻ ጥያቄ መጣ። ልጁን በዘመድ ሠርግ ላይ አይታዋለች። ወደድሁት ብላ አልነገረችኝም፤ እንዲህ ያለ ነገር ለአባት አይነገርም። ነገር ግን ስለ እርሱ ወሬ ሲነሣ ውሃ ልቅዳ፣ እንጨት ላምጣ ብላ ከቤት የማትወጣ ሆነች። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ መጥተው ጠየቁ፤ እኔም በደንቡ መሠረት ከዘመድ ልማከር ብዬ ቀን ቀጠርኋቸው። ከማንም አልተማከርሁም፤ እሺ ማለት ያን ጊዜውኑ ይቻለኝ ነበር። የልጁን አባት በስም እንጂ በመልክ አላውቀውም። በመንገድ ላይ ሹም እንኳ ሲያይ ሒሳቡን ሳይጨርስ እግሩን የማያነሣ፣ ለክብሩ የሚጠነቀቅ ሽማግሌ ነው ብለውኛል። ለመልሱ ቀን ራሱ እመጣለሁ ማለቱን ስሰማ እንቅልፍ እንቢ አለኝ።

«አባባ፣» አለችኝ ልጄ፣ «እነርሱ መጥተው እስኪሄዱ ድረስ አይውጡበት።»

ሰምቻለሁ አልኋት። አልወጣም አላልኋትም፤ ልዩነቱን ያን ጊዜም አስቤበታለሁ።

ብስክሌቱ በረት ውስጥ ከጭድ አጠገብ ቆሞ ከረመ። የደብረ ብርሃን በጋ ውርጩ ሌሊት፣ ነፋሱ ቀን፣ ያገኘውን ሁሉ ይሰነጥቃል። ጎማው መሰንጠቅ ጀመረ፤ የልጓሟ ቆዳም እንደ ቅርፊት ደረቀ። በእኛ አገር የደረቀ ነገር መድኃኒቱ አንድ ነው። ኮርቻ ሲደርቅ ቅቤ፣ ጠፍር ሲደርቅ ቅቤ፣ የበቅሎ ልጓም ሲደርቅ ቅቤ፣ የሰው ጠጉርም ሲደርቅ ቅቤ። ሽማግሌዎቹ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው ቤቱ በሴቶች ተሞላ፤ ሚስቴም ጌታው፣ ከእግሬ ሥር ውጡልኝ ብላ አስወጣችኝ። በረት ገባሁ። ሰንሰለቱን ቀባሁ፣ ጎማዎቹን ቀባሁ፣ የልጓሟን ቆዳ እስኪጠግብ አጠጣሁት። ስጨርስ ሁሉም እንደ አዲስ አበራ። በአንድም የፈረንጅ መጽሐፍ እንዲህ አታድርግ የሚል አላነበብሁም። ያልጻፉት ይህ ለማንም ሰው አይታሰብም ብለው ይመስለኛል፤ በእኛ አገር ደግሞ ሌላ ነገር የሚያስብ የለም።

ከቀባሁት በኋላ ደህና መሆኑን ማየት ነበረብኝ። መንገዱ ባዶ ነበር፤ ይህ ነው ጥፋቱ። ሰው ቢኖርበት እመለስ ነበር። ነፋሱ ስለሚጋረፍ ፊቴን እስከ ዓይኔ ድረስ በነጠላ ተጠቅልዬ ወጣሁ፤ ገብሱ የታጨደበትን ማሳ ዐልፌ ወደ ትንሿ ወንዝ የሚወስደው ቁልቁለት አፋፍ ደረስሁ። ስለ ነገ አስባለሁ። ልጄን አስባለሁ፤ የለሚዎቹ የቀሩበትን ዝምታ አስባለሁ። ፈረንሳዊው በአገሩ መንገድ ላይ እንዴት ምንም ሳያስብ እንደሚሄድ እያሰብሁ ነበር ከታች ሰው ሲመጣ ያየሁት።

ጥቁር በርኖስ የደረበ ሽማግሌ በበቅሎ ተቀምጧል፤ አንድ አሽከር ጠመንጃ ይዞ ከፊት፣ ሌላው ስንቅ ይዞ ከኋላ። ሒሳቡ አጭር ነበር፤ የምወርደው እኔ ነኝ። ልጓሙን ጨበጥሁ። ልጓሟ እንደ ወትሮዋ በጨዋነት ወረደች፣ ጎማውን ነካች፣ ተንሸራተተች። ደግሜ ጨበጥሁ፤ ይባስ ለሰለሰች። በእግሬ ልይዘው ብል ጎማውም ቅቤ ነው። በግራ ድንጋይ፣ በቀኝ ቦይ፣ ከፊት በቅሎ። እጄን ለቅቄ እጅ እንዳልነሣ ሁለቱም እጆቼ የብስክሌቱን ቀንዶች ይዘዋል። ጮኼ ሰላምታ አቀረብሁ፤ በነጠላው ውስጥ ቀረ።

ሽማግሌው በቅሎውን አቁሞ ሲያየኝ ነበር። ሲያሰላ አየሁት። በእርግጥ አየሁት፤ ቅንድቡ ወጣ፣ ወረደ። ሽማግሌ አይቶ የማይወርድ፣ ጠመንጃ አይቶ የማይበረግግ፣ ፊቱን ሸፍኖ በሚያበራ ነገር ላይ ተቀምጦ መንገዱን መሃል ለመሃል የሚመጣ ሰው፤ ይህ ማን ሊሆን ይችላል? ሒሳቡን ጨረሰና እግሩን ከእርካቡ አወጣ። አንድ ጉልበቱ አይታጠፍም ነበር። አሽከሩ ኮርቻውን ይዞለት ቀስ ብሎ፣ እየተጨነቀ ወረደ፤ በርኖሱን ከትከሻው ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣ። እኔም ባጎነበሰው ራሱ አጠገብ እንደ ወፍ ዐለፍሁ።

ወንዙ አቆመኝ። ውሃ ውስጥ ቆሜ ወደ ኋላ ብመለከት፣ የበቅሎዋን ልጓም ይዞ እዚያው ቆሟል። እያየኝ ነበር።

በሌላ መንገድ ዞሬ ቤት ስደርስ ለሚስቴ ነገርኋት። ማን ነበር አለችኝ፤ አላውቅም አልሁ። አንኮበር በኩል ነው የመጣው አለችኝ፤ አዎን አልሁ። እጇ ላይ ያለውን ሊጥ እየጠረገች ጠየቀችኝ።

«አውቆዎታል?»

«ፊቴ ተሸፍኖ ነበር።»

«ያ ነገርስ ተሸፍኖ ነበር?»

በማግሥቱ ጠዋት ብስክሌቱን ጭድ ውስጥ ቀብሬ፣ ነጭ ለብሼ፣ ደጅ ተቀመጥሁ። ምናልባት ሌላ ሰው ነው እላለሁ። ወደ አንኮበር የሚሄድና ከአንኮበር የሚመጣ ጉልበተ ደረቅ ሽማግሌ መቼም አይጠፋም። ሁለቱ ሽማግሌዎች ቀድመው ከአጥሩ ደርሰው በደንቡ መሠረት ግቡ እስኪባሉ ቆሙ። ከኋላቸው ጥቁሩ በርኖስ መጣ። ጉልበቱን እያየሁ ግቡ አልኋቸው።

ተቀመጡ። ሚስቴ የበጉን ወጥ አስቀረበች፣ ጠላው ተቀዳ። ማንም እጁን አልዘረጋም። የመጣ ሽማግሌ ምግብ ፊቱ ተቀምጦ እጁን በኩታው ውስጥ ሲያቆይ ነገር አለ ማለት ነው፤ ቤቱ ያለው ሁሉ ይህን ያውቃል። ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ልጄ እንዳለች አውቃለሁ፤ መጋረጃው አይንቀሳቀስም ነበር፤ አለመንቀሳቀሱ ነው ያስታወቀኝ። ከሁለቱ አንዱ፣ ቀጭኑ፣ የመጣነው የተቀጠረልንን መልስ ለመስማት ነው፤ ነገር ግን ወዳጃችን በመንገድ ላይ ስላገኘው ነገር አስቀድሞ የሚጠይቀው አለ፤ እርሱ ሳይፈታ ለእንጀራ እጃችን አይዘረጋም አለ።

ሽማግሌው ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ትናንት በዚህ በእናንተ ሜዳ ላይ ለአንድ ሰው ከበቅሎዬ ወርጃለሁ፤ በመንኰራኵር ተቀምጦ የሚሄድ ሰው ነው» አለ። «ለሰላምታዬ ሳይመልስ ዐለፈ። የዚህን አገር ሰው የምታውቅ አንተ ነህና ንገረኝ። ሹም ከሆነ መውረዴ ይገባዋል። ሹም ካልሆነ መውረዴን ይመልስልኝ።»

ስለ እውነት መናገር ብዙ የተጻፈ አንብቤአለሁ። ጸሐፊዎቹ ሁሉ የሚረሱት፣ ብዙ ጊዜ ሰው እውነት የሚናገረው ሌላ መንገድ አጥቶ መሆኑን ነው። በደብረ ብርሃን አንድ መንኰራኵር ብቻ አለ፤ ከደጄ ወጥቶ ያገኘውን ሴት ቢጠይቅ ትነግረዋለች።

«እኔ ነኝ» አልሁ።

መጋረጃው ያን ጊዜ ተንቀሳቀሰ። ተነሥቼ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ውርጩን፣ የተሰነጠቀውን ጎማ፣ ቅቤውን፣ ልጓሟ እንዴት እንደ ተንሸራተተች። ወፍራሙ ሽማግሌ ፊቱን ወደ ኩታው አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። አንኮበሬው ግን አልሳቀም። ቅቤ ስል ራሱን ነቀነቀ።

«ልጓም ቅቤ መቀባት ደንብ ነው» አለ። «እኔም የበቅሎዬን ትናንት ጠዋት ቀብቻለሁ። ጥፋት የለብህም። እኔ ግን ወርጃለሁ።»

ድንጋይ ተሸክሜ፣ ተንበርክኬ ይቅርታ እጠይቃለሁ አልሁ። ለነፍስ ገዳይ እንኳ የሚበቃ ነገር ነው። እርሱም ድንጋይ የተሸከመ ብዙ አይቻለሁ፣ ከአንገት ሲወርድ ይረሳል አለ። ልጆቻችን ቢጋቡ እኔና እርሱ በሠርጉም፣ በክርስትናውም፣ በተዝካሩም ፊት ለፊት መቀመጣችን አይቀርም፤ በተቀመጥን ቁጥር ያጎነበሰው ራሱና ያለፈው ነጠላዬ ሊታዩት ነው። እንዲህ ሆኖ ዘመድ ከመሆን ሳይዛመዱ መቅረት ይሻላል አለ። ሲለው አልተቆጣም። ይህ ነበር ያስፈራኝ፤ የለሚዎቹም አልተቆጡም ነበር።

ታዲያ ምን ላድርግ አልሁት።

«በዚያው ቁልቁለት ና። እኔ በበቅሎዬ ላይ እሆናለሁ። ውረድልኝ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሙግት የሚወድ ሰው እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜው አንድ ጊዜ ቢያገኝ ነው። ትክክል ነው፣ ያለው መንገድ ይህ ነው ብለው ፈረዱ፤ ወጡም እንደ ቀረበ ክዳኑ ተከደነ።

በረት ውስጥ ብስክሌቱን ከጭዱ አወጣሁት። ቅቤው ጭድ ይዞ ጠጉር ያበቀለ ይመስል ነበር። ሚስቴ ለሠርግ ልብስ ማጠቢያ የተወቀጠውን እንዶድና አንድ ቁና አመድ ይዛ መጣች፤ አንዲት ቃል አልወጣትም፤ ሃያ ዓመት አብረን ስንኖር እንዲህ የፈራሁበት ጊዜ የለም። ልጄም መጣች። በዚያ ቀን በእንግዶቹ ዓይን መታየት አልነበረባትም። እጅጌዋን ሰብስባ የልጓሟን ቆዳ በእንዶድ፣ ከዚያ በአመድ፣ ከዚያ እንደገና በእንዶድ ፈተገችው። ክንዷ እስከ ክርኗ ነጭ ዐረፋ ሆነ። እንዳታደርጊው፣ ይበቃል አልኋት።

«አንድ ጊዜ ቀርቶብኛል» አለችኝ፣ ቀና ሳትል። መፈተጉንም ቀጠለች።

ወደ ቁልቁለቱ ስንደርስ ሰው ሁሉ ሰምቶ ነበር። ከታች በመንገዱ መሃል ሽማግሌው በበቅሎው ላይ፣ በርኖሱን አስተካክሎ፤ በስተቀኝ ሁለቱ ሽማግሌዎች፣ ለመፍረድ እንዲመቻቸው ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ፤ በማሳው ዳር የሰፈሩ ሴቶች። ማንም አይናገርም። የዚያን መንገድ ዝምታ የሚያመሰግኑ ሰዎች ያን ቀን እዚያ ቢሆኑ ደስ ይለኝ ነበር።

አፋፉ ላይ፣ የማውቀው ድንጋይ ላይ ቆሜ ወጣሁ። አሰብሁት። ቀድሜ ብይዝ ከሩቅ ወርዶ ጎተተ ይላሉ፤ ዘግይቼ ብይዝ በቅሎዋን እገጫለሁ። ከሽማግሌው ፊት ጥቂት ክንድ ሲቀረኝ ቆሜ፣ ቀኝ እግሬን አሻግሬ፣ ወርጄ፣ እጅ መንሣት ነበር ያሰብሁት። ለቀቅሁት። ነፋሱ ጆሮዬን ሞላው። የበቅሎዋ ጆሮ ሲቆም፣ የሽማግሌው ቅንድብ ሲወጣ እስካይ ድረስ ጠበቅሁና በሙሉ ኃይሌ ጨበጥሁ።

እንዶድ ቅቤን ምን ያህል እንደሚያነሣ አላውቅም ነበር፤ አመድም ቆዳን ምን ያህል እንደሚያሻክር። ልጓሟ ጎማውን እንደ ውሻ ነከሰችው። ብስክሌቱ ቆመ። እኔ አልቆምሁም። ከቀንዶቹ በላይ ዐልፌ፣ ሰማይ አይቼ፣ ሣር አይቼ፣ በትከሻዬ በበቅሎዋ የፊት እግሮች መካከል ዐረፍሁ። አንድ ነገር ቀጭ ሲል ሰማሁ። በቅሎዋ ዝቅ ብላ አሸተተችኝ። መጀመሪያ ያሰብሁት ስለ አጥንቴ አይደለም፤ ይህ እንደ መውረድ ይቆጠር ይሆን ብዬ ነው።

ሽማግሌዎቹም ያንኑ አስበው ነበር። ቀጭኑ ወድቋል እንጂ አልወረደም፤ የሚወርድ ሰው በእግሩ ነው የሚወርደው አለ። ወፍራሙ በሸዋ ምድር ከዚህ ሰው በታች ያለ ሰው የለም፤ ከዚህ የበለጠ መውረድ አሳየኝ አለው። ቀጭኑ ሐሳቡ ነው የሚታየው፣ የወደቀ ሰው ለማንም ብሎ አይወድቅም አለ። ወፍራሙ ልጓሙን መጨበጡን ሁላችን አይተናል፣ ከዚህ ሌላ ምን ሐሳብ ትፈልጋለህ አለ። እኔ አፌ ሣር እንደ ጎረሰ ሁለቱንም እሰማለሁ። የቀጭኑ ሙግት የሚሻል ይመስለኝ ነበር፤ ጭንቀቴ ያ ነበር። ከማሳው ዳር ልጄ መጮኋን ኋላ ነገሩኝ፤ እኔ የሰማሁት ሙግቱን ብቻ ነው።

በዚህ መካከል ከራሴ አጠገብ አንድ እግር መሬት ረገጠ፤ ቀጥሎ ሌላው፣ የማይታጠፈው። ሽማግሌው ወርዷል። በብብቴ ይዞ ቀና ሊያደርገኝ እየታገለ፣ አሽከሩን ና ያዝ እያለ ይቆጣል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሙግታቸውን አቋርጠው ዝም አሉ። አንኮበሬው ለምን ዝም እንዳሉ ለመረዳት ጥቂት ጊዜ ወሰደበት። ባዶውን ኮርቻ አየ፣ እግሩን አየ፣ እኔን አየ።

«ሁለት ሆነ» አለ።

ማንም አልሳቀም፤ ቀልድ ይሁን ቁጣ ገና አላወቅነውም ነበር። እርሱ ራሱ የወሰነው እዚያው፣ እኔን በአንድ እጁ ደግፎ እንደቆመ ይመስለኛል።

«ሁለት ጊዜ ወረድሁልህ። ይህን ልመልስ ብትል ትሞትብኛለህ። ልጅቷን ስጠንና ሄደን እንብላ።»

ሰጠሁት። ወጡ እንደገና ሞቀ። ወጌሻው ትከሻዬን ሲያቀና እኔ እጮሃለሁ፣ እነርሱ ይበላሉ። ሠርጉ ላይ ክንዴ በጨርቅ ታስሮ ነበር፤ ሰው ሁሉ እየመጣ የታሰረውን ክንድ ያያል እንጂ ሙሽራይቱን አያይም። እርሷ አልከፋትም። እጇ ከእንዶዱ የተነሣ ገና ተልጦ ነበር፤ ሒና ሲያስሩላት አቃጠላት አሉኝ።

ዛሬ ልጄ የምትኖረው አንኮበር ነው። ልትወልድ ቀኗ ስለ ደረሰ በሳምንት በሳምንቱ ልጠይቃት እሄዳለሁ፤ በቅሎ የለኝም፣ በእግር ደግሞ ይርቃል። እስከ ገደሉ አፋፍ በብስክሌት ሄጄ፣ ከአንድ ገበሬ ቤት ትቼው፣ ቁልቁለቱን በእግሬ እወርዳለሁ። መንገዱ ጸጥ ያለ ነው። ስሄድ ልጄ ታመመች ይሆን እላለሁ፤ ስመለስ ከሄድሁ በኋላ ታመመች ይሆን እላለሁ። ልጓሟን ቅቤ አላስነካም፤ በእንዶድም አላሻትም፤ ስለዚህ አንዳንድ ቀን ትይዛለች፣ አንዳንድ ቀን አትይዝም፤ ትከሻዬም ዝናብ ሊመጣ ሲል ያስታውሰኛል።

ይህን ሁሉ የጻፍሁት ላጫውት ብዬ አይደለም። ነገሩ ከተወራ ወዲህ በዚያ መንገድ የሚሄድ ሰው ሁሉ ሲያየኝ መሃል ለመሃል ቆሞ ይጠብቀኛል፤ አንዱ ይወርድልኝ እንደ ሆነ ልይ ብሎ፣ ሌላው ቀድሞ ወርዶ ዘመድ ሊሆነኝ ብሎ። የምትወልድ ልጅ ያለችው ሰው ነኝ፤ ሌላ ሒሳብ አልችልም። ስለዚህ አንተ ይህን የምታነብ ሰው፣ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ስትሄድ በመንኰራኵር ስመጣ ካየኸኝ አትውረድልኝ፤ እንድወርድልህም አትጠብቅ፤ እንዴት ዋልህም አትበለኝ። በቅሎህን ሰብስበህ ከመንገዱ ውጣልኝ።